የጋኑ አፍ ጠባቂ

ጋሽ አየነው የሠሩበት ታንከር መርከብ ነው። አሁን በሚኖሩበት በደቡብ አፍሪካው ቤሪያ ሰፈር ውስጥ ታንከር ሲባል አስፋልት ላይ የሚሄደው መኪና ብቻ የሚመስለው ሰው ሲገጥማቸው ይናደዳሉ። መርከቧ በፈረንጆቹ አምሳዎቹ ዓመታት የተሠራች ነበረች፤ ከምጽዋ የተቀጠሩት አበሾች "ጎተራ" ይሏታል። የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ አፍሪካን በሙሉ እየዞረች ድፍድፍ ዘይት ታመላልስ ነበር። ሆዷ ቤተ ክርስቲያን ከነጉልላቱ ይውጣል እያሉ ይምላሉ። ማን ደፍሮ ይከራከራቸዋል!

ዘይቱ ሲራገፍ፣ ዝቃጩን በባልዲ የሚያወጣ ሰው ጋን ወደሚሉት ባዶ የዘይት ማጠራቀሚያ ይወርዳል። የጋኑ አየር ሳይታወቅ ይገድላል። ስለዚህ የወራጁ ወገብ በገመድ ይታሰራል፤ ጫፉን ጋኑ አፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ይይዛል። ከላይ ሳብ ሲደረግ፣ ከታችም ሳብ ከተደረገ "አለሁ" ማለት ነው። መልስ ቢጠፋ እንኳ ጠባቂው የራሱን ወገብ አስሮ ገመዱን የሚይዝለት ሌላ ሰው ሳያገኝ አይወርድም። እንዲያ ያደረጉ እዚያው ቀርተዋል። የጋሽ አየነው ሥራ ይሄ ጥበቃ ነበር። ራሳቸው አንድም ቀን ወርደው አያውቁም። ቁልቁል ሲያዩት የወራጁ የእጅ ባትሪ ጨለማው ውስጥ የክብሪት ራስ ያህላል።

በኮሮናው ዓመት ልጃቸው ፀገነት ታመመች። ሆስፒታሉ ሞልቶ ከቤት እንድትቆይ ተነገራት።

"አባዬ፣ አንተን ከያዘህ አትተርፍም። እንዳትገባ!" ብላ መኝታ ቤቷን ዘጋች።

እየቆየ ስልክ ማንሳትም መናገርም አቃታት። ጋሽ አየነው የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትተው በበሩ ሥር አሾለኩላት። "እጅሽ ላይ እሰሪው" አሏት። በሩ ጋ ወንበር አስቀምጠው ሳብ ያደርጋሉ፤ እሷም ሳብ ታደርጋለች። ያቺን መልስ ሲያገኙ ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሳቡ፤ ዝም። ደገሙ፤ ዝም። በሩን ሊበረግዱ ተነሱና ቆሙ። ጎረቤታቸውን ሸፊቃን ጠሩ፤ ጀርሚስተን ከተማ ሱቅ ያላት የሀላባ ልጅ ናት። የተረፈውን ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ጫፉን ሰጧት።

"ጋሼ፣ መኝታ ቤት ሊገቡ ነው እኮ! ሎክዳውኑ አዞረብዎት እንዴ?"

"ልጄ፣ ዝም ብለሽ ያዢው። እንዳትለቂው።"

ማስካቸውን አጥብቀው ገቡ። ፀገነት ዓይኗን ጨፍናለች። ገመዱ ከቀጠነው እጇ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወድቋል። ተንበርክከው ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አደረጉ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ አንዲት ትንፋሽ፣ ቀጭን፣ ገብታ ወጣች። ተመልሳም ገባች። ያንን ሁሉ ውቅያኖስ ያዩ ሰው፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር አይተው አያውቁም ነበር። እንባቸው ማስካቸውን አራሰው።

"አባዬ፣ አትግባ አላልኩህም?" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ይሄኔ ወገባቸው ላይ ሳብ ተደረገ። ሸፊቃ ናት፤ ምልክቱን ማንም አላስተማራትም። ጋሽ አየነው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ ሆነው ገመዱን መልሰው ሳቡ።