ላቀው ያላየው ዋሻ

ካርታ ነዳፊው ላቀው ቁስቋም ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ዘመዱ ድንጋይ ነው» ይሉታል፤ ምላሳቸው ይቆረጥና! በጎልማሳነቱ ከቀሐ ወንዝ ዳር ያገኛት ባልጩት ከኪሱ አትለይም። ብረት ሳይታወቅ የኖረ ሰው ጠርቦ ቆዳ የፋቀባት ናት። አውራ ጣቱን ሲያሳርፍባት ልክክ ትላለች። «የዚች ባለቤት የት ያድር ነበር?» ብሎ ያን ቀን ጠየቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

መልሱን ከካርታ ላይ ፈለገ። ውሃ ቅርብ ይሁን፤ ጎርፍ ግን አይድረስበት። የጠዋት ፀሐይ ያግኝ። ጀርባውን ገደል ይጠብቀው፣ ፊቱ ቆላውን ያሳየው። እነዚህ ሁሉ የተገናኙበትን እየለየ አሥራ ሁለት ቦታ ላይ በቀይ እርሳስ ነጥብ አደረገ። አብልጦ የሚተማመንበት ከአዲ አርቃይ በላይ ባለ አንድ ገደል ሥር ያለው ነው። «እዚህ ዋሻ ከሌለ እኔ ላቀው አይደለሁም!» ይላል። ለማን? ለግድግዳው ነዋ! አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ወሬውን ጀምሮት ነበር። ጸሐፊው እንኳየሁ ግን «አያ ላቀው፣ ለሞተ ሰው ቤት ከሚፈልጉ ለራስዎ ሚስት አይፈልጉም?» ብሎ ሲያስቅበት ካርታውን ጠቅልሎ ተነሣ።

በ1976 ዓ.ም. ዓይኑ መድከም ሲጀምር፣ አንዱን እንኳ ሳላይ አልሞትም ብሎ የይለፍ ወረቀት ጠየቀ። ያለ ይለፍ ከከተማ የማይወጣበት ጊዜ ነው። የሚሄድበትን የአዲ አርቃዩን ቦታ ከነምልክቱ በማመልከቻው ላይ ጻፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻምበል ክንዱ የሚባለው የጸጥታ ሹም አስጠራው።

«ጓድ ላቀው፣ ወደ ቦታው ወታደር ልከን ነበር። ዋሻው አለ። አመድም አለ።»

ላቀው ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ከደስታ ብዛት እኮ ነው! «አመዱ ስንት ክንድ ይጠልቃል?»

«የምን ክንድ? አመዱ ገና አልበረደም ነበር። ሽፍቶቹ አምልጠዋል። እርስዎ ሳይሄዱበት እንዴት አወቁ?»

እንግዲህ ሃያ ዓመት የታፈነ ሰው ጠያቂ ሲያገኝ! ውሃውን፣ ፀሐዩን፣ ገደሉን ዘረገፈለት። ሻምበሉ አልሳቀም። ወንበሩን አስጠግቶ፣ ሲጋራውን ረስቶ አዳመጠው።

«አዋቂ ነዎት። ሌላም ቦታ ያውቃሉ?»

«አሥራ አንድ አለኝ» አለ ላቀው፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ካርታውን ያምጡልኝ። ይለፉንም መኪናም እሰጥዎታለሁ።»

ነገሩ የገባው የቁስቋምን ዳገት ሲወጣ ነው። የጥንቱ ሰው የመረጠውን የዛሬ ሽሽተኛም ይመርጣል። በነጥቦቹ ላይ ሰው ይኖራል፤ የሚተነፍስ፣ እናት ያለው ሰው። «ምነው ባልተናገርሁ!» አለ ጮክ ብሎ። ከአፍ የወጣ አፋፍ፣ ምን ያደርጋል!

ካርታውን ግን ገና አልሰጠም። አዲስ ወረቀት ዘርግቶ፣ በዚያ በሚያምር እጁ፣ አሥራ አንዱን ነጥብ ውሃ ወደሌለው፣ ንፋስ ወደሚገርፈው ጫፍ ሁሉ አዛወረ። እውነተኛውን ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ሲነድ እያየ እንደ ልጅ አለቀሰ። በማግስቱ አዲሱን ለሻምበሉ አስረከበ።

ወታደሮቹ አሥር ቀን ዳገት ቧጥጠው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሻምበሉ ካርታውን ላቀው ፊት ላይ ወረወረው።

«እብድ! የመጀመሪያው አጋጣሚ ነው። እኔ ሞኙ ደግሞ አምኜህ!»

ላቀውን በዕድሜው ያመነው ሰው ይኸው አንድ ብቻ ነበር። «እውነትዎን ነው፣ አጋጣሚ ነው» አለ ላቀው። ካርታውን ከመሬት አነሣና ይለፉን ሳይጠይቅ ወጣ።

ቢሮ ሲመለስ እንኳየሁ ከበር ጠበቀው። «እህሳ አያ ላቀው፣ የሙታኑን ቤት አገኙት?»

«የለም» አለ ላቀው። «እዚያ ምንም የለም።» አውራ ጣቱ ኪሱ ውስጥ ባልጩቷ ላይ ነበር።