መፍታቱንስ ይችላሉ

ዛሬ አንዲት የወፍጮ ቤት ባለቤት የትምህርት ፕሮግራማችንን በአንድ ዓረፍተ ነገር አረሙልን።

እዚህ ሐዋሳ የመካኒካል ምህንድስና መምህር ነኝ። ተመራቂዎቻችን ምን መቻል እንዳለባቸው የከተማውን ባለሙያዎች ጠርተን እያወያየን ነበር። እኔም በኩራት አነበብኩ፦ «ተመራቂው ውስብስብ ችግሮችን መፍታት ይችላል።»

ከቱላ የመጡት የወፍጮ ቤቷ ባለቤት እትዬ አስቴር እጃቸውን አወጡ። «መፍታቱንስ ይችላሉ ልጄ። መልሶ መግጠሙን አስተምሩልን!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ ሄጄ የእሳቸውን ወፍጮ የፈታሁት እኔ ነኛ! መልሼ ስገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈኝ፤ ወፍጮውም አልነሳ አለ። (ብሎኖቹ አያስፈልጉም ብዬ መከራከሬን እዚህ ባላነሳው ይሻላል።)

እህል ይዞ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም እሳቸው አላባረሩኝም። መካኒክ ጠርተው አጠገቡ አቆሙኝና «አንተው ፈትተሃል፣ አንተው ትገጥማለህ» አሉኝ። እስክገጥመው ድረስም ጠበቁኝ። መካኒካል ምህንድስና የገባኝ ያን ቀን ነው።

«መልሶ መግጠም» ዛሬ ሰነዳችን ውስጥ ገብቷል።

ስብሰባው ሲያልቅ፣ መቼም ረስተውኛል ብዬ፣ ላመሰግናቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ቀና አደረጉኝና ፈገግ ብለው «ዛሬስ ስንት ብሎን ተረፈህ?» አሉኝ።

እናንተስ? የፈታችሁትን እስክትገጥሙ ድረስ የታገሣችሁ ማን ነው? እስቲ ጻፉልኝ።