በፍልሰታ የጎረስኩት ደም

የበግ ደም ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ምራቄን እተፋለሁ። በሥጋ ቤት ደጃፍ የማልፈው አፍንጫዬን በጋቢዬ ጫፍ ይዤ ነው። ሰው ኩራት ይመስለዋል። ኩራት አይደለም፤ ልንገርህ።

ጎረምሳ ሳለሁ ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ወደ አገሬ ወደ ሉማሜ መጡ። የጎራዴ ውጊያ የሚያሳያቸው ሰው ሲያጠያይቁ አጎቴን አገኙ። አጎቴ ጋሻና ጎራዴ አዋቂ ነበር። እኔንም ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በዱላ ያለማመደኝ እሱ ነው። «ጎራዴውን አትይ፣ ትከሻውን እይ» ይለኝ ነበር። አባት አልነበረኝም፤ አባቴ ያቺ የጠዋት ዱላ ነበረች።

አጎቴ ውጊያውን በሰባት ምት ሠራላቸው። ተመትቶ የሚወድቀውን እንድሆን እኔን መረጡኝ። እኔና አንዱ ተዋናይ ጭቃ ላይ ስንለማመድ ሰነበትን። የፊልሙ አዛዥ፣ ጠጉሩን ያንጨባረረ ሰው፣ አልጣመውም።

«አባባ፣ እየዞረ ቢመታስ? ለዓይን ያምራል» አለ።

«ለጠላቱ ጀርባውን ሰጥቶ የሚዞር እንዝርት ነው እንጂ ወንድ አይደለም» አለው አጎቴ።

ሳቁ። እኔን ግን አዞሩኝ። ዞርኩላቸው። አስጠላኝ፤ ፊልም ላይ መታየቱ ደግሞ አጓጓኝ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ለደም ያዘጋጁትን ቀይ ቀለም ዝናቡ አጠበባቸው። እነሱ እንደሆነ አይጾሙም፣ ለምሳቸው በግ አርደዋል። አዛዡ ደሙን በጣሳ አስመጣና፣ እንዳይረጋ በእንጨት እያማሰለ፣ «ጎርሰህ ስትወድቅ ትተፋዋለህ» አለኝ።

«አያደርገውም» አላቸው አጎቴ። ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ ተማምኖብኝ ነው።

ጎረስኩት።

ለብ ያለ፣ ወፍራም፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ነው፤ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ሦስቱንም ጎረስኩ። ከጭቃው ቀና ስል አጎቴ የለም። እነዚያ ያጨበጭባሉ። እስከ ዛሬ እጸየፋቸዋለሁ፤ ከእነሱ ይልቅ ግን አፌን።

ፊልሙን አላየሁትም። የልጅ ልጄ የዘንድሮዎቹን ፊልሞች በስልኩ ሲያሳየኝ ተዋጊዎቹ አሁንም ይዞራሉ። «አጥፋው» እለዋለሁ።

ደሙን በጎረስኩ ማግስት እንደ ወትሮዬ ዱላዬን ይዤ አጎቴ ግቢ ገባሁ። እንጨት እየፈለጠ ነው። ቆምኩ። መጥረቢያውን ሳያቆም፣

«ቁርስህን በልተህ ነው መቼም የመጣህ» አለኝ።

በዚያ ጾም፣ በዚያ ማለዳ።

«አያ...» አልኩት። ፍልጡ ብቻ ተሰነጠቀ።

ጾሙ ሲፈታ ከእናቴ ጋር ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅኩ። አነሳኝ፣ ሳመኝ፣ በእጁ አጎረሰኝ። ቂመኛ ሰው አልነበረም። ያቺን የጠዋት ዱላ ግን እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ ሊያለማምደኝ አላነሳም።