የኢንገር መርዶ

ተናኘ ድንኳን መትከል አትወድም። እሷ ባደገችበት ሰፈር ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው። ቤትና አልጋ ያለው ሰው በገዛ ፈቃዱ ሣር ላይ ሊያድር ድንኳን ይተክላል ቢሏት ድሮ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ አርብ ከሥራ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ኦስሎ ውስጥ ከምትኖርበት ከሮምሶስ ሰፈር በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተሳፍራ፣ ፍራሿን በጀርባዋ አዝላ ቡግስታድ ሐይቅ ዳር ትወርዳለች። አርብ ድንኳን ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የጀልባ ውድድር።

ጀልባዋ ከፊቷ የዘንዶ ራስ የተገጠመላት፣ ረጅምና ቀጭን ናት። ሃያ ቀዛፊዎች ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡባታል፤ ከፊት አንዷ ከበሮ ትመታለች፣ ከኋላ አንዷ ቆማ ትመራለች። ተናኘ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እየተሳለመች ያደገች ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ቀን ዘንዶው ላይ ስትወጣ ሦስት ጊዜ አማትባለች። የቡድኑ አባላት ሴቶች ናቸው፤ ሁሉንም የጡት ካንሰር ይዟቸው ያውቃል። አንዷ ግራዋን፣ ሌላዋ ቀኟን፣ አንዳንዷም ሁለቱንም ሐኪም ቤት ጥላ የመጣች ናት።

ሮምሶስ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድም ሐበሻ የለም። ከአራት ዓመት በፊት ግራ ጡቷ ሲወጣ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች «የሐሞት ጠጠር ነው» አለቻቸው። ለልጇ ለኖኤልም ያንኑ አለችው፤ ትሮንድሄም ትምህርት ላይ ነበርና ፈተናውን እንዳያበላሽ። እንደምታውቁት የዚህ በሽታ ስም እኛ ዘንድ በሙሉ አፍ አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ተብሎ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አንቺን ሳይሆን በሽታሽን ነው የሚያየው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ተናኘ መድኃኒቱን አግኝታ ነው በሽታውን የደበቀችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

ጀልባዋ ላይ አጠገቧ የምትቀመጠው ኢንገር ነበረች፤ ቬስትሊ ሰፈር የምትኖር፣ ስድሳ ሦስት ዓመት የሆናት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ተናኘ መጀመሪያ የመጣች ዕለት መቅዘፊያውን እንደ መወልወያ እንጨት ጨብጣው ነበር። ምን ታድርግ፣ ሃያ ዓመት የአዛውንቶች መጦሪያ ስትወለውል የኖረች እጅ ሌላ አያያዝ ከየት ታመጣለች? ኢንገር ከት ብላ ሳቀችና እጇን በተናኘ እጅ ላይ አድርጋ አሳየቻት።

«እዚህ ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው» አለቻት። «እርስ በርስ አንደባበቅም። ካመመሽ አመመኝ ትያለሽ። ከፈራሽ ፈራሁ ትያለሽ።»

ተናኘ በሃምሳ ዓመቷ እንዲህ ያለ ሕግ ሰምታ አታውቅም ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከልምምድ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ሳይሸፋፈኑ ሲታጠቡ፣ እሷም ቀስ በቀስ ፎጣዋን መጣል ለመደች። ጠባሳዋን ሰው አይቶት ያልደነገጠበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ይህን ቦታ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

በጸደይ የኢንገር በሽታ ተመለሰ፤ አሁን ጉበቷ ላይ። ቡድኑ ያውቃል። በቦታዋ ሲሪ የምትባል ወጣት እናት ተቀመጠች፤ «ኢንገር እስክትመለስ» እየተባለ። ተናኘ ግን ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል እየሄደች እግሯን ስታሽላት፣ እግሩ ከሳምንት ሳምንት ሲቀጥን በእጇ ታውቀው ነበር።

አርብ ዕለት ድንኳኑን ተክላ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የኢንገር ባል ኦድ ነበር።

«ኢንገር ከምሳ በኋላ አረፈች» አለ። ድምፁ ደርቋል። «ግሬተ ጋ ደወልኩ፤ አታነሣም። ለሌላ ሰው መደወል አልችልም። አንቺ ለሁሉም ንገሪልኝ።»

«ያ» አለች ተናኘ፤ በኖርዌይኛ አዎ ማለት ነው። «እሺ። እነግራለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ቀና ብትል፣ የቡድኑ አለቃ ግሬተ ስልኳን መኪና ውስጥ ትታ ከሰል ታቀጣጥላለች። ሲሪ የድንኳኗ ገመድ ተጠላልፎባት ትስቃለች። አንዷ መድኃኒት ከጨረሰች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ጭንቅላቷ ላይ ገና የጫጩት ላባ የመሰለ ፀጉር በቅሏል፤ ወንበር ላይ ተጠቅልላ ምግቡን ትጠብቃለች። ሁሉም ደክሟቸዋል፤ ሁሉም ርቧቸዋል፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። በዚህ ሰዓት መርዶ? ማን ጨካኝ ነው እንዲህ የሚያደርግ?

አባቷ የሞቱ ጊዜ ኦስሎ ያለው ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ከእሷ በፊት ሰምቶ ነበር። አራት ቀን ሙሉ አብረዋት ሠሩ፣ አብረዋት በሉ፣ አብረዋት ሳቁ፤ አንድም ሰው ፊቱን አላጠቆረባትም። ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ በሯ ተንኳኳ። ብትከፍት አሥራ አንድ ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ ደረጃው ላይ ቆሟል። ከፊት የቆሙት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ተረፈ ነበሩ፤ ሳይናገሩ ገባት። ስትወድቅ የሚይዟት እጆች በዙሪያዋ ነበሩ። ኋላ ስታስበው ያ አራት ቀን ውሸት አልመሰላትም። አራት ቀን ሸክሟን ተሸክመውላት ነበር።

እና እሷም ልትሸከምላቸው ወሰነች። ይብሉ፣ ይተኙ፤ ሲነጋ ትነግራቸዋለች። ያን ምሽት ሥጋ አቀረቡላት፤ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ሳህኑን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። «ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት ሲሪ። «ደክሞኝ ነው» አለቻት።

ገና ሲነጋጋ ተነሣች። ፊቷን በሐይቁ ውኃ ታጠበች፤ የምትለውን በኖርዌይኛ አሰናዳች። ውኃ አፍልታ ለሁሉም የሚበቃ ብርጭቆ ደረደረች፤ መርዶ የሰማ ሰው ጉሮሮው ይደርቃልና። ነገር ግን ሴቶቹ ከየድንኳናቸው የወጡት እየዘፈኑ ነበር። ግሬተ ሮዝ ቀለም ይዛ የእያንዳንዳቸው ክንድ ላይ «ለኢንገር» ብላ ትጽፋለች። ተናኘ ክንዷን ዘረጋች። ቀለሙ ቀዝቃዛ ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ውኃ ላይ ሊወጡ ነው። መርዶ የሰማች ሴት እንዴት ትቀዝፋለች? ብትሰምጥስ? ነገ፣ እሁድ ጠዋት፣ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ይሻላል አለች በሆዷ። አንዴ ያዘገዩት ነገር እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ የተሻለ ጊዜ ይታይለታል።

«ቪዲዮ እንላክላት!» አለች ሲሪ።

ተሰለፉ። ተናኘን አጭር ናትና ከፊት አቆሟት። ግሬተ የሲሪን ስልክ ዛፍ ላይ አስደግፋ ሮጣ መጣችና ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ፦ «ኢንገር! ሜዳሊያ ይዘንልሽ እንመጣለን! ጠብቂን!» ተናኘም እጇን አነሣች፤ አፏን ከፈተች። ድምፅ ይውጣት አይውጣት አላወቀችም። ሲሪ ቪዲዮውን ወደ ኢንገር ስልክ ላከችው። ኋላ እንዳሰበችው፣ መጮህ የነበረባት ያን ጊዜ ነው። መሬት ላይ መቀመጥ፣ ስልኩን መንጠቅ፣ የሆነ ነገር ማድረግ። ምንም አላደረገችም።

በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ወጡ። ተናኘ እንደዚያ ቀዝፋ አታውቅም፤ ጠባሳዋ ያለበት ጎን እስኪቃጠል ድረስ። ወደ ዳር ሲመለሱ ሴቶቹ ተቃቅፈው ይጮኻሉ። ግሬተ ከመኪናዋ ስልኳን አምጥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ከዚያ መቅዘፊያዋ ከእጇ ወደቀ።

«መቼ?» ትላለች። «ትናንት? ኦድ፣ እኛ እኮ አላወቅንም... ለማን?»

ዞር ብላ ተናኘን አየቻት። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኗ አልጠፋም።

ኢንገር መሞቷን ግሬተ ለሁሉም የነገረችው እዚያው፣ እርጥብ እንደሆኑ፣ ቆመው ነው። ሲሪ ሣሩ ላይ ተደፋች። ተናኘ ልታነሣት እጇን ስትዘረጋ ሲሪ እጇን ገፋችው።

«ታውቂ ነበር» አለች ሲሪ።

«ያ።»

«ቪዲዮው ላይ ቆመሽ እያወቅሽ ነበር።»

«ያ።»

«ኦድ ከሬሳዋ አጠገብ ተቀምጦ ነው ያየው» አለች ግሬተ። አልጮኸችም። «ሜዳሊያ ይዘን እንመጣለን ስንል። የምንቀልድበት መስሎታል። አንቺን አምኖ ነው የነገረሽ፣ ተናኘ።»

ተናኘ ልታስረዳ ሞከረች። በእኛ አገር አለች፤ ለደከመ ሰው፣ ለራበው ሰው፣ ሊመሽ ሲል አይነገርም አለች። እስኪነጋ ይጠበቃል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ እኔ እስከዚያ ልይዝላችሁ ነበር አለች። በአማርኛ ቢሆን ድንጋይ ታስለቅስ ነበር። በኖርዌይኛ ግን የተያዘ ሌባ የሚደረድረው ሰበብ መሰለ፤ ለራሷም ጆሮ ጭምር።

መድኃኒት ከጨረሰች ሦስት ሳምንቷ የሆነው ሴት ነበረች የመለሰችላት፤ ረጋ ብላ። «እኔን ባሌ ይደብቀኛል፤ ልጆቼ ይደብቁኛል። እዚህ የምመጣው ማንም ስለማይደብቀኝ ነበር።»

ተናኘም የምትመጣው ለዚያው ነበር።

ኖርዌጂያን ሲያባርር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ግሬተ ድንኳኗን ስታፈርስ አገዘቻት፤ ገመዱን እንኳ በሥርዓት ጠቅልላ ሰጠቻት። «ነገ ለኢንገር አበባ ይዘን ሐይቁ መሐል እንወጣለን» አለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። «አንቺ ዛሬ ቤትሽ ብታርፊ የሚሻል ይመስለኛል። ሌላውን... ሌላውን እናያለን።» ማክሰኞ ነይ አላለቻትም። ተናኘም አልጠየቀችም።

ባቡሩ ውስጥ ሰው ክንዷን ያያል። «ለኢንገር» የሚለውን በምራቋ ብትፈትገው አልለቅ አለ፤ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበችው። ማልቀስ አማራት፤ ሰው መሐል ሆነና አፈነችው። ቤቴ ስገባ አለች።

ሮምሶስ ስትደርስ አመሻሽ ነው። ደረጃው ላይ ጎረቤቷን እትዬ ዓለምጸሐይን አገኘቻቸው፤ ለነገው ቅዳሴ ነጠላቸውን አጥበው ከምድር ቤት ይዘው ይወጣሉ። ፊቷን ሲያዩ ቅርጫቱን ጣል አደረጉት።

«ውይ በሞትኩት! ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ዓይንሽ ምን ሆነ?»

ተናኘ እጅጌዋን ዳግም ወደ ታች ሳበች።

«መርዶ ነው? ተናገሪ እንጂ! ማን ሞተብሽ?»

ጓደኛዬ፣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አንዲት ቃል። እትዬ ዓለምጸሐይ ያን ጊዜውኑ አቅፈው ያስገቧት ነበር፤ ስልክ ይደውሉ ነበር፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር። ሦስት ቀን ብቻዋን አይተዋትም ነበር። ያሏት ሰዎች ደግ ናቸው፤ ደግነታቸውን ታውቀዋለች። ግን ቀጥሎ፣ ጓደኛሽ ማን ናት ይሏታል። የት ተዋወቃችሁ ይሏታል። ምን ገደላት ይሏታል። የእያንዳንዱ ጥያቄ መንገድ ደረቷ ላይ ያደርሳል።

«ማንም አልሞተብኝም፣ እትዬ» አለች። «ጉንፋን ነው። ሐይቅ ዳር አድሬ።»

«እሰይ! ተመስገን!» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ፤ ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ። «እንዴት እንዳስደነገጥሽኝ! ጉንፋንስ ያልፋል። እንኳን ሞት አልሆነ።» ግንባሯን ስመው፣ ዝንጅብል ጠጪ ብለው፣ ቅርጫታቸውን አንሥተው ወጡ።

ተናኘ በሩን ዘጋች። እርጥቡን ፍራሽ ኮሪደሩ ላይ ጣለች። ነጠላዋን ከቁም ሣጥን አውጥታ አዘቅዝቃ ለበሰችና ወንበሩን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች፤ ለቀስተኛ የሚጠብቅ ሰው እንደሚቀመጠው። ግድግዳው ስስ ነው፤ የላይኛው ቤት እርምጃ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጨምራ አለቀሰች፤ ለኢንገር፣ ለአባቷ፣ ለማክሰኞ።

ሲወጣላት ጉሮሮዋን ጠረገች። ኀዘንተኛ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚላት ቃል አለች፤ ያለ እሷ ለቅሶ ለቅሶ አይሆንም። የሚላት ሰው አልነበረም።

«እግዜር ያጥናሽ» አለች ተናኘ፣ በዝግታ፣ ለራሷ።