የጋሽ እንድሪስ ሳይንቲስቶችና ነጩ አቧራ

የምታውቋቸው ሁሉ ስሙ፤ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ግቢ የቆሙትን የሳይንቲስቶች ሐውልቶች በእጃቸው ያበጁት ጋሽ እንድሪስ ባለፈው ጁምዓ ወደ አኼራ ሄደዋል። አላህ ይዘንላቸው።

ለቅሶ ቤት «የሰው ምስል ስለሠሩ ተቀጡ» ስትሉ ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። አራት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ የገደላቸው የጄሶና የድንጋይ ዱቄት ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስወድቅ እቤት የሚያናግረኝ ጠፋ። እሳቸው ግን ኮምቦልቻ ወርክሾፓቸው ጠርተው የብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝ። «ፈተናው ጣለሽ እንጂ እጅሽን አልቆረጠውም። ነይ፣ የዚህን ሰውዬ አፍንጫ አለስልሺ» አሉኝ።

ሐውልቶቹ ከደረት በላይ ብቻ ናቸው። አንዱን ለቢስቲማ ተማሪዎች በስጦታ ሲወስዱ ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ አቅፈውት ነበር። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ፈረንጁ ቀበቶ ይሰር እንጂ!» ቢላቸው፣ «ወገብ የለው፣ ምኑ ላይ ይሰር?» ብለው ተሳፋሪውን አሳቁት። የእሳቸው ሳቅ በሳል አለቀ። ያኔ ማናችንም ልብ አላልነውም።

አቧራው ሻይ ብርጭቆው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ ይጋገር ነበር። ማስክ ገዝቼ ባመጣላቸው «ፊት የምሠራ ሰው ፊቴን ልሸፍን?» ብለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። እኔም አፍሬ የራሴን ሰቀልኩ።

ራዲየም ያገኘችውን ሴትዮ ስንሠራ፣ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ እሷን የገደላት በእጇ ስትነካው የኖረችው ነገር ነው።»

እጃቸው ቆመ። «ነግረዋት ነበር?»

«መጀመሪያ ላይ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እኔን ግን አንቺ ነገርሽኝ» አሉና ጉንጯን መፈግፈግ ቀጠሉ።

ጋሼ፣ የሴትዮዋ አንድ ጉንጭ ሳይለሰልስ ቀርቷል። ያዘዙት ሰዎች «መቼ ይደርሳል?» እያሉ ይደውላሉ። ትናንት ልጨርሰው የብርጭቆ ወረቀቱን ባነሳ ሳል ያዘኝ። ደረቅ ነው፣ እንደ እርስዎ። ወላሂ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ድምፁን አወቅኩት።

ነገ ጠዋት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጄ እመረመራለሁ። ጉንጯ እንደ ሻከረ ይቆይ፣ አልነካውም። እርስዎ አልሰሙኝም፤ እኔ እንኳ ራሴን ልስማ።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። አፈሩ ይቅለልዎት፤ አቧራው እኛ ጋ ቀርቷል።