ለራሷ መሸኛ የከተፈችው ክትፎ

በመሸኛ ግብዣ ላይ ክትፎ አልበላም። በዘጋቢነት ሥራዬ ብዙ መሸኛ ላይ ተገኝቻለሁ፤ ጣባው ቀርቦ የቅቤውና የኮሰረቱ ሽታ ሲመጣ ሌላው ምራቁን ይውጣል፣ እኔ ጣባውን ወደ ጎረቤቴ እገፋለሁ። "ወልቂጤ ተወልዶ ክትፎ የሚገፋ ሰው አላየንም" ይሉኛል ባልደረቦቼ። ምክንያቴን ነግሬያቸው አላውቅም።

ልጅ እያለሁ እናቴ እዚያው ወልቂጤ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቤታችን በፊት የምደርሰው እሷ ቢሮ ስለነበር፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆኜ የጽሕፈት መኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል። የካርቦን ወረቀት ሽታ ልብሷ ላይ ቀርቶ አብሯት ቤት ይገባል። እዚያ መሥሪያ ቤት ዕድገት ያገኘ፣ የተዛወረ፣ የተመሰገነ ሁሉ ደብዳቤውን የጻፈችለት እሷ ናት። በራሷ ስም የወጣ ደብዳቤ ግን አልነበረም። ታይፕ ያስለመደቻቸው ልጆች አለቆቿ እየሆኑ ሲያልፏት "እግዜር ያሳድጋቸው" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ጡረታ ልትወጣ ስትል ግብዣ እንደሚደረግላት ነገሯት። ደስታዋ አይረሳኝም፤ ቀሚሷን ተኩሳ ሰቀለችው፣ ደግሞ አውርዳ ተኮሰችው። በማግስቱ የአስተዳደር ኃላፊው ቤታችን መጣ። ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው።

"እትዬ አሰገደች፣ ሥጋውን እኛ እንገዛለን። የቸሃ ሰው እያለልን ሆቴል ምን ወሰደን? ክትፎውን እርስዎ ቢይዙልን።"

እናቴ "ጎመኑንስ ልያዘው?" አለችው።

ሽሙጧ አልገባውም። "ኧረ እግዜር ይስጥልን" ብሎ ሄደ።

በእኛ አገር የክብር እንግዳ ጓዳ አይገባም። የመጀመሪያው ጣባ ለእሱ ይቀርባል፣ ትልቅ ሰው ይመርቃል፤ እንግዳው ሳይጎርስ ማንም አይጎርስም። ይህን በልጅነቴም አውቀው ነበር። እናቴ ግን በዕለቱ ስትከትፍ አረፈደች። ለሙስሊም ባልደረቦቿ በእነሱ እጅ የታረደውን በሌላ ቢላዋ፣ በሌላ መክተፊያ ለየች። የተተኮሰው ቀሚስ ሚስማሩ ላይ ቀረ። የታጠቀችው ሽርጥ ነበር።

ዕቃ ተሸክሜ አብሬያት በሄድኩበት የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያው ጣባ ሥራ አስኪያጁ ፊት ተቀመጠ። አልመረቀም፣ አላስመረቀም፤ ጎረሰ። ሁሉም ተከተሉት። ሹፌሩ ጋሽ ወልዴ ብቻ ጣባውን ሳይነካ ቀረ።

"ወልዴ፣ ጾም ነህ እንዴ?" አለው አንዱ።

"ሙሽራዋ ጓዳ ናት፣ ሚዜዎቹ በላችሁ።"

ሳቁለት።

ሥራ አስኪያጁ እጁን ጠራርጎ ተነሣ። "ለዚህ ግሩም ክትፎ እትዬ አሰገደችን በጭብጨባ እናመስግን" አለና ተቀመጠ። ስለ ሥራዋ አንድ ቃል አልተነገረም። ጭብጨባው ግን ሞቅ ያለ ነበር፤ እጃቸው በቅቤ ስለወዛ ድምፁ ይረጥባል። እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። እኔ ልጅ ስለነበርኩ የተሰማኝ ቁጣ መሰለኝ። መጸየፍ ነበር። ቁጣ ቢሆን እስካሁን ይበርድ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ያልተነካ ጣባውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። "አሰጉ፣ መርቂኝና እንብላ።"

"ወንበር እንኳ የለም እኮ።"

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ ዛሬ ብቆም ምን አለበት?"

መረቀችው። ከአንድ ጣባ ቆመው በሉ።

በቅርቡ ቡታጅራ አንድ መሸኛ ልዘግብ ሄጄ ነበር። ምግቡ ከሆቴል መጥቷል፤ ተሸኚዋ ሴትዮ መሃል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጀርባቸው ፎቷቸው በባነር ታትሟል። ተሻሽሏል አልኩ በልቤ። ለዜናዬ ብዬ ኃላፊውን ሴትዮዋ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቅኩት። ዞሮ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ፤ ያኛው ባነሩን ቀና ብሎ አየ። ባነሩ ላይም አልተጻፈም። "እንደ እናታችን ናቸው" አለኝ ኃላፊው በመጨረሻ። ጣባው መጣ። ገፋሁት።

እናቴ አሁን በትውልድ አገሯ በቸሃ ነው የምትኖረው። ለመስቀል ስንሰባሰብ ጓዳ አናስገባትም፤ የመጀመሪያውን ጣባ እሷ ፊት እናስቀምጣለን። ትመርቀናለች። ከዚያ እስክትጎርስ እጃችንን ሰብስበን እንጠብቃለን። እሷ ግን ዓይኗን ከጓዳው በር አትነቅልም።

"እዚያ ያሉትስ ደረሳቸው?" ትለናለች።