የውሻ ቤቱ ሰው ነው

ልጅ ሳለሁ፣ መንደራችንን ጉኑኖን ከመልቀቃችን በፊት፣ ምሽቱን የማሳልፈው ከአያቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነበር። ያኔ ኩራዙ ጥቀርሻውን ወደ ጣሪያው እየላከ፣ ላሞቹ በጋጣቸው እያመሰኩ፣ ድመታችን ምድጃው ዳር ተጠቅልላ፣ ውሻችን ቦቢ ደግሞ በበሩ አፍንጫውን ብቻ አስገብቶ፣ ሁላችንም ተረት የምንሰማ እንመስል ነበር።

አያቴ ደጋግመው የሚያወሩልኝ ቤቱ ስለተቃጠለበት ሰው ነው። ሰውዬው አገር ለቆ ሲሄድ ውሻውን ጠራው፤ ተከተለው። ድመቷን ጠራት፤ እሷ ግን ፍሙ ካልበረደው ምድጃ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም።

«ከሃዲ ናት» እል ነበር።

አያቴ እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ «አይደለችም፣ ልጄ። የድመት ዘመዷ ቤት ነው፤ የውሻ ቤቱ ግን ሰው ነው» ይሉኛል።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ሶዶ ሥራ አገኘና ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጫነ። አያቴ እንሰቱን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። አባቴ፣ «ከውሻውና ከድመቷ አንዱን ብቻ ነው የምንወስደው፤ አንቺ ምረጪ» አለኝ። ሶዶ ያደገችው የአጎቴ ልጅ ቀደም ብላ፣ «ውሻሽን አስከትለሽ እንዳትመጪ፤ ሰፈሩ ሁሉ ባላገር ነው የሚልሽ» ብላ ስቃብኝ ነበር።

«ድመቷን» አልኩ። «ቦቢ ቤት ይጠብቃል።»

ሁሉም ልክ ነች አሉ። አያቴ ብቻ ቀስ ብለው፣ «ተረቱን ሰምተሽዋል አይደል?» አሉኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ድመቷ ያለችበትን ጆንያ አፍ ማሰሬን ቀጠልኩ።

ድመቷ ሶዶ ሦስት ቀን አልጋ ሥር ተደብቃ በአራተኛው ጠፋች። በሳምንቱ አባቴ ጉኑኖ ደርሶ ሲመለስ፣ ቦቢ መኪናው ከቆመበት ቦታ እንዳልተነሳ፣ አያቴ የሚያቀርቡለትንም እንደማይቀምስ ነገረን። አምጣው ልለው ስል የአጎቴ ልጅ አጠገቤ ነበረች። ዋጥ አደረግኩት። አባቴ እንደገና ሲሄድ አያቴ ቦቢን እንሰቱ ውስጥ ቀብረውት አገኛቸው።

ዛሬ አርባን አልፌ ያንኑ ተረት ለልጄ እነግራታለሁ። በቀደም፣ «እማዬ፣ ሰውዬው ባይጠራውስ፣ ውሻው ይከተለው ነበር?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

አውቃለሁ። አይሱዙው ሲንቀሳቀስ ቦቢ ብድግ ብሎ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ በስሙ እስክጠራው ሲጠብቅ ዓይን ለዓይን ተያይተናል።